ያልተነካ ዕቃ

ሰው አንድን ነገር ሲወድ ሁለት አሳብ ባንድነት ይነሣበታል። አንደኛው፥ የወደደው ነገር በጤና እንዲኖር መመኘት ነው፤ ሁለተኛው፥ የወደደውን ነገር ወደ ቤቱ አስገብቶ በሩን መዝጋት ነው። እነዚህ ሁለቱ እንደ ስንዴና እንደ እንክርዳድ አብረው ስለሚበቅሉ፥ እስኪያፈሩ ድረስ ለይቶ ማወቅ ያስቸግራል። እኔም ለይቼ ያወቅኋቸው በሰው ላይ ጉዳት ካደረስኩ በኋላ ነው። ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት ሌላ ሰው በኔ ስሕተት የተማረ እንደ ሆነ፥ ስሕተቱ ጨርሶ ከንቱ ሆኖ አይቀርም በማለት ነው።

ነገሩ የጀመረው በጊታር ነው። በአሜሪካ አገር የሚኖር አንድ ዘመዴ አሮጌ የኤሌክትሪክ ጊታር ይሰበስባል። እርሱን ለመጠየቅ በሄድኩ ጊዜ፥ ብራና ከማኅደር እንደሚያወጣ ሰው አንዱን ጊታር ቀስ ብሎ ከሣጥኑ አወጣና በጕልበቱ ላይ አስቀመጠው። ከዚያም የሰብሳቢዎችን ሕግ ያስረዳኝ ጀመር። ዘመኑን በፈረንጅ አቈጣጠር እንደ ነገረኝ እጽፈዋለሁ። ፌንደር የተባለው ኩባንያ ስትራቶካስተር የሚባለውን ጊታር ያወጣው በ1954 ነው። ጊብሰን የተባለው ደግሞ ሌስ ፖል የሚባለውን በ1952 አወጣ። ከሌስ ፖል ውስጥ ከ1958 እስከ 1960 የተሠሩት፥ ፊታቸው እንደምትጠልቅ ፀሐይ ከዳር ቀይ ሆኖ ወደ መካከሉ ቢጫ የሚሆነው፥ ከሁሉ ይልቅ የተወደዱ ናቸው። ቍጥራቸው ወደ 1500 ያህል ነው ይባላል። በተሠሩበት ጊዜ ግን ገዢ ስላነሳቸው ኩባንያው መሥራቱን ትቶት ነበር። ፌንደርም በ1965 መጀመሪያ ሲቢኤስ ለሚባል ትልቅ ኩባንያ በ13 ሚሊዮን ዶላር ስለ ተሸጠ፥ ሰብሳቢዎች ከዚያ በፊት የተሠራውንና ከዚያ ወዲህ የተሠራውን እንደ ብሉይና እንደ ሐዲስ ለይተው ያዩታል።

«ዋናው ነገር ግን ያልተነካ መሆኑ ነው» አለኝ። ብሎኖቹ የመጀመሪያዎቹ መሆን አለባቸው። ከውስጥ ያሉት ሽቦዎች በፋብሪካ ከተበየዱ ወዲህ ተፈትተው እንደገና መበየድ የለባቸውም። ቀለሙ ተፍቆ ሌላ ቀለም የተቀባ እንደ ሆነ፥ ሥራው የቱን ያህል ቢያምር ዋጋው በግማሽ ይወድቃል። ስለዚህ ከፍ ያለ ዋጋ የሚያወጣው ብዙ ጊዜ የቱ እንደ ሆነ ብጠይቀው፥ ባለቤቱ ገዝቶት ጥቂት ቀን ከመታው በኋላ ሰልችቶት ካልጋ ሥር የጣለው ነው አለኝ። በዚያን ጊዜ ይህን ነገር ሰምቼ ዝም ብዬ አለፍኩት። ዛሬ ግን ሳስበው እጅግ የሚያስደንቅ ነገር ነው። የሰብሳቢዎች ዓለም ትልቁን ዋጋ የሚከፍለው ማንም ላልወደደው ዕቃ ነውና።

ወደ አገሬ ስመለስ አንድ አሳብ ይዤ ተመለስኩ። እነርሱ ሰባ ዓመት ያልሞላውን ጣውላ እንዲህ ካከበሩት፥ እኛ በገናችንንና መሰንቆአችንን ለጢስና ለምስጥ መተዋችን ምንኛ ነውር ነው ብዬ ተቈጨሁ። ይህ ቍጭት እውነተኛ ነበረ። በገና እንደ ተራ ዕቃ የሚታይ አይደለም። አሥሩ አውታር የአሥሩ ቃላት ምሳሌ ነው፤ ግራና ቀኝ የቆሙት ሁለቱ ዓምዶች ሚካኤልና ገብርኤል፥ ከታች ያለው ገበታ እመቤታችን ናት እያሉ አባቶች ያስተምሩበታል። አውታሩ ከበግ አንጀት ይፈተላል። በየአውታሩ ሥር እንዚራ የሚባል ትንሽ ቍራጭ ቆዳ ይገባል፤ የበገናን ድምፅ ከክራር ለይቶ እንደ ንብ መንጋ የሚያስተጋባውና የሰውን አንጀት የሚያላውሰው ያ ቍራጭ ቆዳ ነው። ዘፈን አይዘፈንበትም። በዓቢይ ጾም ሰው ለብቻው ተቀምጦ፥ ስለ ሞትና ስለ ዓለም ከንቱነት እያሰበ ይደረድረዋል። በደርግ ዘመን ድምፁ ከሬዲዮ ጠፍቶ ስለ ነበረ፥ እነ መጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋ ባይዙት ኖሮ ትምህርቱ ሊቋረጥ ምንም አልቀረውም ነበር።

እንግዲህ በገና፥ መሰንቆና ክራር እሰበስብ ጀመር። ሕጉንም ከዘመዴ ወሰድኩ። ቆዳው ያልተቀየረ፥ ምስማር ያልገባበት፥ ናይለን ያልታሰረበት ካልሆነ አልገዛም። በአምስት ዓመት ውስጥ አራት በገና፥ ስድስት መሰንቆና ሦስት ክራር አገኘሁ። መስተዋት ያለው ቁም ሣጥን አሠርቼ ደረደርኳቸው። ከእያንዳንዱ በታች የተገዛበትን አገር፥ ቀኑንና ዋጋውን የሚናገር ወረቀት ለጠፍኩ። እንግዳ በመጣ ቍጥር ወረቀቱን አስነብበው ነበር። በዚያ ሁሉ ወረቀት ላይ የደርዳሪው ስም አንድም ቀን አልተጻፈም።

በጥር ወር 2009 ዓ.ም. በስማዳ አንድ አሮጌ በገና አለ የሚል ወሬ ደረሰኝ። ከደብረ ታቦር ተነሥቼ፥ ጉናን በስተቀኝ እያየሁ ነፋስ መውጫ ገባሁ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ወደ መቅደላ ያስጐተቱት በዚሁ በጋይንት ምድር ነው። ሰባት ቶን ያህል የሚመዝን ብረት፥ ገደሉን እየቈፈሩ መንገድ እያወጡለት፥ በጨጨሆ በኩል አሳልፈው ወሰዱት። አብሮኝ ለሚሄደው ሰው ይህን ታሪክ እያጫወትኩት፥ ከመቅደላ ስለ ተዘረፈው ቅርስም በቍጣ እየተናገርኩ ነበር። በዐሥራ አምስት ዝሆንና በሁለት መቶ ያህል በቅሎ ተጭኖ የወረደውን ዕቃ፥ ወደ እንግሊዝ አገር የተሻገሩትን ወደ 350 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት እያነሣሁ፥ «ሌቦች!» እል ነበር። ከነፋስ መውጫ ወደ ዐርብ ገበያ፥ ከዚያም ወደ ወገዳ ወርደን፥ የቀረውን መንገድ በእግራችን ሄድን።

የበገናው ባለቤት ቆብ የጫኑ አሮጊት ናቸው። ቤታቸው ከጢሱ የተነሣ ከውስጥ እንደ ጥላት ጠቍሯል። በገናው ከምሰሶው አጠገብ ከመስቀያ ላይ ተንጠልጥሎ አየሁት። ልቤ መታ። እንጨቱ ከጢሱና ከእጅ ብዛት ጥቁር ቀይ ሆኖ እንደ መስተዋት ያንጸባርቃል።

«እማሆይ፥ ይህ በገና የማን ነው?» አልኳቸው።

«የሟች ባለቤቴ ነው፥ ልጄ። እርሱም ካባቱ ነው ያገኘው።»

«አሁን ማን ይደረድረዋል?»

«በጾም አንድ ዲያቆን ከጎረቤት ይመጣል። ባለቤቴ ጣቱን ይዞ ያስተማረው ልጅ ነው። እርሱ ሲደረድር ቤቱ ሰው ያለበት ይመስለኛል።»

ይህን በጆሮዬ ሰማሁት፤ በልቤ ግን ስለ ቆዳው ስፌት አስብ ነበር። በ2008 ዓ.ም. የደረሰው ድርቅ ያን አገር ክፉኛ ጎድቶት፥ እማሆይም ያላቸውን አንድ በሬ ለእህል ሸጠውት ኖሯል። መሬታቸውን ለሌላ ሰው በእኩል አሳርሰው ከምርቱ ግማሹን ብቻ ያገኛሉ። እኔም ይህን ባወቅሁ ጊዜ የበሬ መግዣ የሚሆን ገንዘብ አውጥቼ ቈጠርኩላቸው። በአዲስ አበባ ለሰብሳቢ ቢሸጥ ዋጋው ከዚያ ብዙ እጥፍ እንደሚሆን አውቃለሁ። ግን «ችግራቸውን አቃለልኩላቸው» ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ሰው በሌላው ችግር ሲጠቀም፥ ረዳሁት የሚል ቃል ፈጥኖ ይመጣለታል።

እማሆይ ገንዘቡን ይዘው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም በገናውን አውርደው፥ በባለቤታቸው ጋቢ አቧራውን ጠርገው ሰጡኝ። ልወጣ ስል፥

«ልጄ፥ እዚያ የሚደረድረው ሰው አለ?» ብለው ጠየቁኝ።

«አለ» አልኳቸው።

ይህ ውሸት ነው። በቤቴ በገና መደርደር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ውሸቱም እንደ ዋዛ ከአፌ ወጣ እንጂ፥ ያን ጊዜ ምንም አልከበደኝም ነበር።

በገናው ቤቴ ከገባ በኋላ ሰባት ወር ያህል በመስተዋት ውስጥ ተቀመጠ። በበጋው ደረቅ አየር ሦስት አውታሮች በየተራ ተበጠሱ። ክረምት ሲገባ ደግሞ ቆዳው ረገበ፤ ቀንበሩ ከዓምዱ ጋር የተጋጠመበትም ቦታ ተላቀቀ። እንዳይበላሽብኝ ፈርቼ አንድ የበገና መምህር ጠርቼ አሳየሁት። እርሱም በገናውን በጕልበቱ መካከል አድርጎ፥ ሐኪም በሽተኛ እንደሚዳስስ ከላይ እስከ ታች ዳሰሰው።

«ምን እንዳደርግለት ትፈልጋለህ?» አለኝ።

«ምንም ሳይቀየርበት እንዲጠበቅ ብቻ ነው የምፈልገው። ያልተነካ ነውና።»

መምህሩ ሳቀ። «ወንድሜ፥ ይህ በገና እኮ ያልተነካበት ቦታ የለውም። ተመልከት፤ ቆዳው ከእንጨቱ በዕድሜ ያንሳል፥ ስፌቱ በድሮው ቀዳዳ ላይ አልሄደም። ቀንበሩ አንድ ጊዜ ተሰንጥቆ በጠፍር ታስሯል። ከመቃኛዎቹ ሦስቱ ወይራ ናቸው፤ የቀሩት ሌላ እንጨት ናቸው፥ በሌላ እጅ የተጠረቡ። አውታርና እንዚራማ ሁልጊዜ ይቀየራል። ይህን በገና ቢያንስ አራት ሰው ሠርቶታል። ያልተነካ ከፈለግህ ገና ያልተሠራውን ፈልግ።»

መጀመሪያ የተሰማኝ፥ በእውነቱ ከሆነ፥ ንዴት ነው። እንደ ተታለልኩ ሆኖ ታየኝ። ገንዘቤን አሰብኩ። መምህሩ ግን ንዴቴን ሳያይ፥ በጣቱ የቀንበሩን ጠፍር እየደባበሰ፥ «ይህን ያሰረው ሰው ደርዳሪ ነበረ። የማይደረድር ሰው ቢሆን በምስማር ይመታው ነበር፤ ምስማር ድምፁን እንደሚያበላሽ ያወቀ ነው በጠፍር ያሰረው። ስሙ ማን ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ።

ወደ ወረቀቱ አየሁ። አገር፥ ቀንና ዋጋ ብቻ ነው ያለው። ስሙን እማሆይን አልጠየቅኋቸውም። ከዚያም ሳላስበው «እዚያ የሚደረድረው ሰው አለ?» ያሉኝ ቃል ትዝ አለኝና ፊቴ ጋለ።

በገናውን መምህሩ ወስዶ ይጠግነው ዘንድ ፈቀድኩ። ቆዳውን አርጥቦ ወጠረው፥ አዲስ የአንጀት አውታር ሠራለት፥ እንዚራውንም አስተካከለ። በመለሰልኝ ማታ እዚያው ቤቴ ተቀምጦ ደረደረው። በገናውን የገዛሁት ከብዙ ወራት በፊት ነው፤ ድምፁን የሰማሁት ግን ያን ቀን ነው። ሰዎች በመስተዋት ውስጥ ሲያዩት «ምን ያምር!» ይሉኝ ነበር፤ ያን ማታ የተሰበሰቡት ግን ማንም አንድ ቃል አልተናገረም።

ከዚያ በኋላ ስለ ሰብሳቢዎች ሕግ ብዙ አሰብኩ። ሕጋቸው ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። አንድ ዕቃ በመጀመሪያ እንዴት እንደ ተሠራ የሚያሳይ ምስክር መጠበቁ ለዕውቀት ይጠቅማል፤ አጭበርባሪም እንዲጋለጥ ያደርጋል። ነገር ግን እነርሱ ራሳቸው በሕጋቸው ጸንተው አይኖሩም። ዴቪድ ጊልሞር የተባለው እንግሊዛዊ በ1970 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ የገዛው አንድ ጥቁር ስትራቶካስተር ነበረው። ያ ጊታር ጥቁር ቀለም የተቀባው በፊተኛው ቀለሙ ላይ ነው። ባለቤቱም አንገቱን ብዙ ጊዜ ቀያይሮታል፥ ድምፅ መሳቢያውንም ለውጦታል፥ እንጨቱንም ቈፍሮ አዲስ ነገር አስገብቶበት ያውቃል። በሕጉ መሠረት የተበላሸ ዕቃ ነው። ሆኖም በ2019 እ.ኤ.አ. በጨረታ ሲሸጥ 3,975,000 ዶላር አወጣ፤ በዚያን ጊዜ በጨረታ ከተሸጡት ጊታሮች ሁሉ የሚበልጥ ዋጋ ነው። ባለቤቱም ገንዘቡን ለበጎ ሥራ ሰጠው። ያን ዋጋ ያወጣው የፋብሪካው ብሎን አይደለም፤ ወደ ሃምሳ ዓመት ያህል የመታው እጅ ነው።

በኛም አገር ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ አለ። በጋይንት ያለችው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ሆና የምትታወቅ ናት። ቶማስ ፓክናም የተባለ እንግሊዛዊ በ1955 እ.ኤ.አ. ወደዚያ በደረሰ ጊዜ፥ ከውጭ ሲያዩት ክብ የሣር ክዳን ቤት በሚመስለው ውስጥ፥ አራት ማዕዘን የሆነ እጅግ ጥንታዊ የድንጋይ ሕንጻ አግኝቶ ተደነቀ። ለፈረንጁ አዲስ ግኝት ነበረ፤ ለአገሩ ሰው ግን በየቀኑ የሚያስቀድስበት ቤተ ክርስቲያን ነው። ያ ድንጋይ ለዘመናት የቆየው በመስተዋት ተዘግቶበት አይደለም። ሰው ስለ ተገለገለበት፥ ዝናብ እንዳያበላሸው ክዳን ስላለበሰው፥ ክዳኑም ባረጀ ጊዜ ስለ ለወጠው ነው። ሣሩን «አልነካም» ያለ ትውልድ ቢነሣ ኖሮ ድንጋዩ አብሮ ይፈርስ ነበር። በውስጡ የሚዘመረው ድጓም እንዲሁ ነው፤ መምህር ለደቀ መዝሙር በቃሉ ሲሰጥ ኖሮ ነው የደረሰን።

ይህን ሁሉ ካሰብኩ በኋላ የመቅደላው ነገር ወደ ራሴ ተመለሰብኝ። የእንግሊዝ ወታደሮች የወሰዱት ሠይፍ መዘው ነው፤ እኔ የወሰድኩት ድርቅን ተጠግቼ ነው። እነርሱም «እንጠብቀዋለን» ብለዋል፤ እኔም ይህንኑ ብያለሁ። ልዩነቱ እኔ ዋጋ ከፍዬ ወረቀት መለጠፌ ብቻ ነው። ሰው የአገሩን በደል በዝሆንና በበቅሎ ሲቈጥር፥ በራሱ ትከሻ ተሸክሞ የወረደውን ይረሳል።

የ2010 ዓ.ም. ዓቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት በገናውን ይዤ ወደ ስማዳ ተመለስኩ። እማሆይ በደኅና ቆዩኝ። በጋቢ የተጠቀለለውን ባዩ ጊዜ አወቁት።

«ምነው ልጄ፥ የሚደረድረው ሰው ታጣ?» አሉኝ።

«ከመጀመሪያውም አልነበረም፥ እማሆይ። ዋሽቻችሁ ነው» አልኳቸው። ከእርሳቸው ጋር የሟቹን ባለቤታቸውንም የዋሸሁ ያህል ስለ ተሰማኝ ነው በብዙ ቍጥር የተናገርኩት።

አልተቈጡኝም። «በሬውን ገዝቼበታለሁ፤ እግዜር ይስጥህ» አሉ። ይህ ምስጋና ከስድብ ይልቅ ከበደኝ። ገንዘቡን እንዳይመልሱ ነግሬ፥ በገናውን ለዚያ ለዲያቆኑ እንዲሰጡልኝ ለመንኳቸው። ያን ጊዜ እማሆይ ወደ በሩ ተመለከቱ።

«አንተ ከሄድህ በኋላ ጾም ሲገባ መጣ። ባዶውን መስቀያ አየና፥ ቁጭ ሳይል ተመለሰ። ሁለተኛ አልመጣም። ከጓደኞቹ ጋር ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወርዷል፤ እስካሁን አልተመለሰም።»

ልጁ የሄደው በበገናው ምክንያት ነው ለማለት አልችልም። ከዚያ አገር ብዙ ጐልማሳ ለሥራ ወደ ቈላው ይወርዳል፤ ችግር ያወርደዋል። ነገር ግን በዚያ ቤት ይዘው ሊያቈዩት የሚችሉ ነገሮች ጥቂት ነበሩ፤ ከነዚያ ከጥቂቶቹ አንዱን እኔ ነቅዬ ወስጃለሁ። በገናውን መለስኩ፤ ያንን ጾም ግን መመለስ አልቻልኩም። ሟቹ ጣቱን ይዞ ያስተማረው ልጅ ከዚያ ቤት ደጅ ባዶ እጁን የተመለሰበት ቀን፥ በምንም ዋጋ አይገዛም።

እማሆይ «እንግዲህ እዚያው ስቀለው» አሉኝና ከመስቀያው ላይ ሰቀልኩት። ስወጣ የባለቤታቸውን ስምና የአባታቸውን ስም ጠየቅኋቸው። በወረቀት ጽፌ ከበገናው ጀርባ አሰርኩት።

የቀሩትን ዕቃዎች ያንኑ ዓመት ማከፋፈል ጀመርኩ። ሦስቱን በገናዎች አስጠግኜ ለሚማሩ ወጣቶች ሰጠሁ። መሰንቆዎቹን አዲስ የፈረስ ጭራ አስገብቼ ለሚመቷቸው አስረከብኩ። ቃል ያስገባኋቸው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ እንዳይሸጡትና ዝም ብሎ እንዳይሰቀል። ቆዳው ሲቀደድ ይቀየር፥ እንጨቱ ሲሰነጠቅ ይታሰር፥ የሠራውም ሰው ስሙ ይጻፍ ብያቸዋለሁ። ዘመዴ ይህን በስልክ ነግሬው «ዋጋቸውን አጠፋኸው» ብሎ አዘነ። እኔም «አዎን፥ ዋጋቸውን አጥፍቻለሁ» አልኩት። በቁም ሣጥኑ ውስጥ አሁን አንድ ክራር ብቻ ቀርቷል፤ የሚመታው እስኪገኝ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ የድሮ ነገር መውደድ መልካም ነው። ነገር ግን የድሮ ነገር ባየህና እጅህን ልትዘረጋ በፈለግህ ጊዜ፥ ዋጋውን ከመጠየቅህ በፊት፥ «በዚህ የሚጠቀምበት ሰው ማን ነው? እኔ ብወስደው በሚቀጥለው ጾም ማን ባዶ እጁን ይመለሳል?» ብለህ ጠይቅ። መልሱን ሳትሰማ ገንዘብህን አታውጣ። ዕቃ ሳይነካ ሲቀር የሚከብረው በነጋዴ ዓይን ነው፤ አባቶቻችን ያወረሱን ግን እየነኩ፥ እየጠገኑ፥ ደግሞም ለሚቀጥለው እጅ እየሰጡ ነው።